በጎን የተሣለው ንጉሥ

በዕጣ ነው የደረሰኝ። መምህራችን የታጠፉ ወረቀቶች ባርኔጣው ውስጥ ጨምሮ ክፍሉን ሲዞር፣ እኔ በሆዴ «አበባ ይድረሰኝ፣ አበባ ይድረሰኝ» እል ነበር። ከፊቴ የተቀመጠችው ልጅ ሁለት ሎሚና አንድ ቢላ ደረሳት። ከኋላዬ የነበረው ልጅ አንድ እንስራ ደረሰው። እኔ ወረቀቴን ስዘረጋው አገር ምድሩ ወጣ። ሃያ ሦስት ሰው፣ ሁለት ግመል፣ ጀርባውን የሰጠ ፈረስ፣ አጥንት የሚግጥ ውሻ፣ የፈረሰ ቤተ መንግሥት፣ ሰማዩ ላይ ደግሞ ቦታ የተረፈ ይመስል መላእክት። አንድ የአውሮፓ ሠዓሊ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት በዘይት ቀለም የሣለው፣ ሰብአ ሰገል ለሕፃኑ ሲሰግዱ የሚያሳይ ሥዕል ነበር። የሐሙሲትን ገበያ በገበያው ቀን ሣይ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። ያንን ቢያንስ አውቀዋለሁ።

የሥዕል ክፍል ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርሁ፣ እዚሁ ባሕር ዳር። መልመጃው የጥንት ሊቃውንትን ሥዕል እንዳለ መገልበጥ ነው። መምህራችን ከአዲስ አበባ የመጣ ገና ሠላሳ ዓመት የሞላው ሰው ነበር፤ አንቱ ስንለው ስለሚቆጣ አንተ እያልን እንፈራዋለን። «አንድ ፀጉር አትጨምሩ፣ አንድ ፀጉር አትቀንሱ» አለ። «የራሳችሁን ሐሳብ ለራሳችሁ ሥዕል አቆዩት። እኔ እዚህ ማየት የምፈልገው የእናንተን ዓይን እንጂ የእናንተን ልብ አይደለም።»

ትምህርቱ የሚታለፈው በዚህች በአንዲት ሥራ ነበር። የወደቀ ዓመት ይደግማል። ለሌላው ተማሪ ዓመት መድገም ዓመት መድገም ነው። ለእኔ ግን የሥዕል ነገር አበቃለት ማለት ነበር፤ ምክንያቱም ከአባቴ ጋር ውል ነበረኝ።

አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊም ናቸው። በጣና ደሴቶችና በዳርቻው ካሉት አድባራት አንዱ ግድግዳው ሲያረጅበት የሚልከው ወደ እሳቸው ነው። ሰባታሚት ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ ሸራ ወጥረው ይሥላሉ፤ ሲያልቅ ጠቅልለው ወስደው ግድግዳው ላይ ይለጥፉታል። እኔ ኮሌጅ ገብቼ ሥዕል ልማር ስላቸው ለሦስት ቀን አላናገሩኝም። በአራተኛው ቀን «ጣና ዳር ተቀምጦ ውኃ መግዛት እንዴት ያለ ነገር ነው?» አሉ። እሳቸው የሂሳብ አያያዝ እንድማርላቸው ነበር ሐሳባቸው። በመጨረሻ እናቴ መሐል ገብታ ተስማማን፦ ዓመት ሳልደግም ከሄድሁ እማራለሁ፣ አንድ ዓመት የደገምሁ እንደሆነ ግን ትቼ ወደ ሂሳብ አያያዝ እገባለሁ። እናቴ ምስክር ሆነች። እናቴ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስትሠራ ስለኖረች ውልና ፊርማ ትወዳለች፤ ወረቀት አስፈርማን የልብስ ሳጥኗ ውስጥ ቆለፈችበት።

እንግዲህ ሃያ ሦስቱን ሰዎች ይዤ ጀመርሁ። ወረቀቱንም ሸራውንም ካሬ ካሬ አድርጌ ከፈልሁ፤ በአንዲቱ ካሬ ውስጥ ያለውን ብቻ እያየሁ ወደ አንዲቱ ካሬ ማሻገር ነው ዘዴው። የዘይት ቀለም የሚበጠበጠው በተልባ ዘይት ስለሆነና ወቅቱም ዐቢይ ጾም ስለነበር፣ ስቱዲዮው ተልባ ተልባ ሲል ጿሚው ሁሉ ምራቁን እየዋጠ ነበር የሚሥለው። በመስኮቱ ጣና ይታያል፤ ፔሊካኖቹ ውኃው ላይ ተንሳፍፈው እኛን ሲታዘቡ ይውላሉ። እኔ ከሳምንት ወደ ሳምንት ሰዎቼን ወደድኋቸው። ከግመሉ ኋላ የቆመውን፣ ተአምሩ ሁሉ የሰለቸው የሚመስለውን ሰውዬ «የቀበሌው ጸሐፊ» እለው ነበር። ውሻውን ከሁሉም አስበልጬ ነው የሣልሁት፤ እስከ ዛሬ እኮራበታለሁ። በሁለተኛው ወር መጨረሻ ላይ ሸራዬን ራቅ ብዬ ሳየው፣ እውነቱን ልናገር፣ ከዋናው አላነሰብኝም።

ሐሙስ ዕለት መምህራችን መጣ። እሱ የሚያርመው ካሬ የተሰመረበት ግልጽ ፕላስቲክ ሸራው ላይ እየዘረጋ ነው። ግመሎቹን አለፈ። ፈረሱን አለፈ። ውሻው ጋ ሲደርስ «ጎበዝ» አለ፤ ከዚህ በፊት ለማንም ያላላት ቃል ናት። ከዚያ መሐል ላይ ተንበርክኮ የሕፃኑን እግር የሚስመው ሽማግሌ ንጉሥ ጋ ደረሰና ቆመ።

«ዋናው ላይ ይሄ ሰውዬ ስንት ዓይን ይታይበታል?» አለኝ።

ወረቀቱን አየሁ። «አንድ» አልሁ።

«አንቺስ ስንት ሠራሽለት?»

ሸራዬን አየሁ። «ሁለት።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የደነገጥሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። ሁለት ወር ሙሉ በየቀኑ ያየሁት ሰው ነው። ንጉሡ ሙሉ በሙሉ በጎኑ ነበር የተሣለው፤ አንድ ዓይን፣ አንድ ጆሮ፣ ወደ ፊት የወጣ አፍንጫ። እኔ ግን ራሱን ወደ ሰው አዙሬ፣ ሁለት የሚያማምሩ ዓይኖች ሰጥቼ አስቀምጬዋለሁ። ካሬውም፣ ሁለት ወር ያፈጠጠው ዓይኔም ከእጄ አላስጣሉትም።

ከየት እንደመጣ ግን ወዲያው ገባኝ። በእኛ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ሰው ፊቱ ሙሉ ነው፤ ሁለቱም ዓይኖቹ ያዩሃል። በጎኑ የሚሣለው፣ አንድ ዓይን ብቻ የሚሰጠው፣ ክፉ ሰው ነው፤ ይሁዳ፣ ሰይጣን፣ ሰማዕታቱን የሚገርፉት ወታደሮች። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ አባቴ መስመሩን እየነደፉ እኔ ቀለሙን ስሞላ ነው የኖርሁት። ስንቱን አንድ ዓይና ሰይጣን ጥቁር ቀብቻለሁ። እናም የሕፃኑን እግር የሚስም ንጉሥ ሲመጣብኝ፣ እጄ ሳይነግረኝ አጸደቀው። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ማለት ይኸው ነው።

ይህን ሁሉ ለመምህሬ አስረዳሁት። በጥሞና ሰማኝ። «ደስ የሚል ነገር ነው፤ ስትመረቂ ትጽፊበታለሽ» አለኝ። «አሁን ግን ፋቂው። ለሚቀጥለው ሐሙስ ንጉሡን በጎኑ አድርገሽ ካላመጣሽ አላሳልፍሽም። ተማሪው ሁሉ የፈለገውን ዓይን የሚጨምር ከሆነ መገልበጥ የሚባል ነገር የለም።» ልክ ነበር፤ ልክ መሆኑ ነው ያናደደኝ።

የንጉሡን ፊት ፋቅሁት። ስቱዲዮው ለሳምንቱ መጨረሻ ስለሚዘጋ ያልደረቀ ሸራዬን በባጃጅ ወደ ቤት ወሰድሁት። ባለባጃጁ የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ሸራው ከባጃጁ ስለሚሰፋ በአንድ እጁ እየነዳ በአንድ እጁ ይደግፍልኝ ነበር። ሰባታሚት ስንደርስ አንዱ መልአክ ክንፉን የባጃጁ መጋረጃ ላይ ትቶ ወረደ። ልጁ አይቶ «ይሁን፣ ይጠብቀኛል» አለ።

አባቴ በረንዳው ላይ ሆነው ሲያዩኝ ብሩሻቸውን አስቀመጡ። ሸራውን ከላይ እስከ ታች ተመለከቱትና «ይኸ ሰው ፊቱን የት ጥሎት ነው?» አሉ። ዋናውን ወረቀት ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ቆዩ።

«የተንበረከከው ማን ነው?»

«ከሰብአ ሰገል አንዱ ነው አባባ።»

«አንድ ዓይን አርገውት?»

«በጎኑ ስለዞረ ነው። እነሱ እንዲህ ይሥላሉ።»

«ይሣሉዋ፤ አገራቸው ነው» አሉና ወረቀቱን መለሱልኝ። «እኔ ቤት ግን አንድ ዓይን ያለው ሰብአ ሰገል አያድርም። ሌላው ቀርቶ ለዓይን ነውር ነው። እዚሁ በረንዳው ላይ አሳድሪው።»

እንዲህ ሆኖ ሃያ ሦስቱም እንግዶቼ ከነግመላቸው በረንዳ አደሩ። እናቴ አዘነችላቸውና የዝናብ ላስቲክ አለበሰቻቸው።

ዓርብና ቅዳሜ ንጉሡን በጎኑ ሣልሁት። ልኩን አልሳትሁም፤ ግንባሩም አፍንጫውም አገጩም ካሬያቸው ውስጥ ናቸው። ግን ዓይኑን ባስገባሁበት ቅጽበት ሰውየው ይሁዳ ይሆናል። ፋቅሁት፤ እንደገና ሣልሁት፤ አሁን ደግሞ ሰማዕት የሚገርፍ ወታደር ሆነ። ሦስተኛው ምን እንደሆነ ባልናገር ይሻላል። በጎን የተሣለ ፊት እጄ የሚያውቀው አንድ ዓይነት ብቻ ነበር፤ ያውም የክፉ ሰው። ፎቶ አንሥቼ ለመምህሬ በቴሌግራም ላክሁለት። «ቦታው ልክ ነው» ብሎ መለሰ። «ግን ለምንድነው ሕፃኑን ሊሰርቀው የመጣ የሚመስለው?» እናቴ ከሥራ ስትመለስ ጎንበስ ብላ አየችና «እኔ ብሆን ልጄን አላስይዘውም» አለች።

እሑድ ማታ ከውኃ ታንከራችን ኋላ ሄጄ አለቀስሁ። ከሁለት ያጣሁ ልሆን ነበር፤ አባቴ ያንን ሰው አይወዱትም፣ መምህሬም አይቀበለውም። ውሉ የእናቴ ሳጥን ውስጥ እንደተቆለፈ ነው። ደብተር ላይ ገቢና ወጪ ስጽፍ ታየኝ፤ እንዲያውም ራሴን በጎኔ ነበር የማየው።

ሰኞ ጠዋት አባቴ ከበረንዳው ወዲያኛው ጫፍ ሆነው ተጣሩ። «ነይ እስቲ፣ ቀይ በጥብጪልኝ።» የአንድ ሰማዕት ካባ ላይ ነበሩ። ሄጄ በስተቀኛቸው ባለችው አጭር በርጩማ ላይ ተቀመጥሁ። ያቺ በርጩማ ከልጅነቴ ጀምሮ የእኔ ናት። አባቴ ሲሠሩ ዞር አይሉም፤ ዓይናቸው ከሸራው ላይ ሳይነሣ እጃቸውን ብቻ ወደ እኔ ይዘረጋሉ፤ «ቀይ» ይላሉ፣ «ቢጫ» ይላሉ፣ እኔ አቀብላለሁ። ትንሽ ልጅ ሳለሁ አንድ ጊዜ እንኳ ዞር ብለው ቢያዩኝ ብዬ እመኝ ነበር፤ ያማረ ቀለም ስበጠብጥ፣ አዲስ ቀሚስ ስለብስ። በኋላ ተውሁት፤ ጠባያቸው ነው ብዬ።

«ቀይ» አሉ።

ቀዩን ላቀብላቸው ስል ቀና ብዬ አየኋቸው። ግንባራቸው በመሐል ጎበጥ ይላል። አፍንጫቸው ወረድ ብሎ ጫፉ ላይ ትንሽ ይቆለመማል። አንድ ነገር አጥብቀው ሲመለከቱ የታችኛው ከንፈራቸው ወደ ውስጥ ይገባል፤ ከዓይናቸው ጥግ የሚነሡት መስመሮች እስከ ጆሯቸው ይሄዳሉ። ዓይናቸው ደግሞ፣ አንዱ ዓይናቸው፣ በዚያች በምትሣለው ካባ ላይ ሕፃን እንደሚያይ ሰው ለስልሶ ነበር። በርጩማዋ ላይ እንዳለሁ ቀረሁ። በጎን የማውቀው ደግ ሰው ነበረ ለካ፤ እሱም አጠገቤ ተቀምጦ ቀይ ሲጠራ የኖረው አባቴ ነው።

«ቀይ አልሁ እኮ፤ ምን ሁነሻል?» አሉ፣ ዞር ሳይሉ።

ንጉሡን እንደገና ፍቄ ለመሣል፣ የመልአኩንም ክንፍ ለመመለስ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። እያንዳንዷን መስመር በቃሌ አውቃት ነበር፤ ብዙም መለስ ብዬ ማየት አላስፈለገኝም። ለማንም አልነገርሁም። አባቴ እንደሆነ በረንዳው ላይ ሲያልፉ አንድ ዓይናውን ላለማየት ፊታቸውን ወደ አትክልቱ ያዞሩ ነበር።

ሐሙስ መምህሬ ፕላስቲኩን ዘረጋ። ከግንባሩ እስከ አገጩ በጣቱ ተከተለው። «አፍንጫው የዋናው አይደለም» አለ በመጨረሻ። «ዋናው ቀጥ ያለ ነው፤ ይሄ ይቆለመማል። አምስት ነጥብ ቀንሻለሁ።» ከዚያ ፕላስቲኩን አንሥቶ ያለ ካሬ ተመለከተው። «ሌላውን ግን አልፈሻል» አለኝ። እስከ በሩ ቀስ ብዬ ሄጄ፣ ከበሩ በኋላ እስከ ሐይቁ ዳር ሮጥሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የክፍሉ ሥራ ኮሌጁ አዳራሽ ውስጥ ለሕዝብ ሲታይ ቤተሰብ ተጠራ። አባቴ አይመጡም ብዬ ነበር፤ ነጭ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው ከእናቴ ጋር ከች አሉ። ሎሚውን አዩ፣ እንስራውን አዩ፣ የእኔ ሸራ ፊት ሲደርሱ ቆሙ። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ዓይናውን ፊት ለፊት ሲያዩት ነው። እኔ ከኋላቸው ሆኜ ጣቶቼን እያፍተለተልሁ ነበር።

«ይኸን ሰው የት ነው የማውቀው?» አሉ።

«ወረቀቱ ላይ አሳይቼዎት የለ አባባ።»

«አይ፣ ያ ሌላ ነው።» ጎንበስ አሉ። «ይኸ ደግ ሰው ነው። አንድ ዓይን ሁኖም ያስታውቃል።»

መምህሬ በዚያ በኩል ሲያልፍ አባቴን ከጎናቸው አያቸው፤ ቀጥሎ ሸራዬን አየ፤ እንደገና አባቴን አየ። እጁን አፉ ላይ አድርጎ ሳቁን ዋጠና ወደ እኔ ራሱን ነቀነቀ። አምስቱን ነጥብ ግን አልመለሰልኝም።

ማታ ሸራውን ወደ ቤት የወሰደልን ያው ባለባጃጁ ነው። አባቴ ከኋላ ተቀምጠው ሸራውን ደግፈው ይዘዋል፤ የእሳቸውና የንጉሡ ፊት ጎን ለጎን ወደ አንድ አቅጣጫ ያያል። ልጁ በመስታወቱ ሲያየን ቆየና «የኔታ፣ እርስዎን ነው እንዴ የሣለችው?» አለ።

«ኧረ ወዲያ» አሉ አባቴ። «የእኔ አፍንጫ እንዲህ ቆልማማ ነው?»

ልጁ ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ። እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። እኔ ከመንገዱ ዳር አጥር ወዲያ የማይታየውን ጣና ፈለግሁት። ቤት ስንደርስ ሸራውን በረንዳው ላይ ላስደግፈው ስል አባቴ «ግዴለም፣ ይግባ» አሉ።

በነጋታው ጠዋት ስነሣ ሳሎን ውስጥ ቆመዋል። የግድግዳው መስታወት ፊት ጎናቸውን ሰጥተው፣ በአንድ እጃቸው የእናቴን የእጅ መስታወት ይዘው፣ አንዱን ከአንዱ እያመቻቹ ራሳቸውን በጎን ለማየት ይታገላሉ። አገኙት መሰለኝ፣ መታገሉን ተዉ። አንዴ መስታወቱን፣ አንዴ ግድግዳው ሥር የተደገፈውን ንጉሥ ይመለከታሉ። በሩ ላይ መቆሜን አውቀዋል።

«እንዲህ እያየሽኝ ነው የኖርሽው?» አሉ።

«ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ።»

የእጅ መስታወቱን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ዞሩ፤ ሁለቱም ዓይኖቻቸው እኔ ላይ ነበሩ። «ምነው አንድ ቀን እንኳ ዙሬ ሳላይሽ ቀረሁ?» አሉ።

«እንኳን አልዞሩ አባባ» አልኋቸው። «ዞረው ቢሆን ኖሮ እወድቅ ነበር።»